ዳልቻ ድንጋይ ተሸክማ የመጣች ዕለት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እኔን ማስተዋወቅ ለቆቦ ሰው ፈተና ሆኗል። «መምህር ነበሩ» እንዳይባል አላስተማርኩም፤ «ነርስ ነበሩ» እንዳይባል መርፌ ይዤ አላውቅም። ጎረቤቴ ግን መላ አበጅታለች። እንግዳ ሲመጣባት ወደኔ እየጠቆመች «ይቺ ሰው የሌለበትን መኪና ስትፈትን የነበረች ናት» ትላለች። እንግዳው መጀመሪያ እኔን ያያል፣ ቀጥሎ እሷን ያያል፣ ከዚያ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ወንበሩን ትንሽ ራቅ ያደርጋል።

እውነቷን ነው። ከጎሊና ወንዝ ዳር ካለው የሽንኩርት ማሳ እስከ ሮቢት ከተማ፣ ያለ ሹፌር የምትመላለስ አነስተኛ የጭነት መኪና ነበረች፤ ፈተናዋን የምመራው እኔ ነበርኩ። አልፋለች ካልኩ እዚሁ ሥራዋን ትጀምራለች፤ ወድቃለች ካልኩ ባለቤቶቿ ጭነው ይወስዷታል። እንዳትሄድብኝ ስንት ጊዜ ተሳልኩ መሰላችሁ! ግን ታሪኩን ከጭራው ያዝኩት፤ ከራሱ ልጀምር።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በእርሻ መሣሪያ ጣቢያ ነዳጅ ቀጂ ሆኜ ነው። ከበርሜል በእጅ ፓምፕ እየሳብኩ ለትራክተር እሞላለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ስለምውል ጠዋት ሲነሱ የሚያስሉትን ሳል መለየት ጀመርኩ። አንዱ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቶበት ያስላል፣ አንዱ አየር አጥሮት። «የዚህኛው ጉሮሮ ታፍኗል» ስል ሾፌሮቹ በሳቅ ይንከተከታሉ። ያልሳቁት ጋሽ ይመር ብቻ ናቸው። የሾፌሮች አለቃ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ የሮቢት ሰው። አንድ ቀን መፍቻ አቀበሉኝና «ነይ እስቲ፣ ጉሮሮውን ራስሽ ጥረጊለት» አሉኝ። የአየር ማጣሪያውን ብፈታው የጤፍ እብቅ ጠቅጥቆታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ትራክተር ያስነዱኝ ነበር።

መንጃ ፈቃድ ስፈተን፣ መፈተኛ ጣቢያ ገና ስላልነበረ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ወደ ሮቢት ስንወርድ ቀብር መጣብን። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ይመር በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ከሁሉ ኋላ እግራቸውን የሚያማቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እሳቸውም እስኪያልፉ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ተመልሰው ገቡና፣

«ወድቀሻል» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ? ቆምኩ አይደል እንዴ!»

«መኪናው ሲያጓራ ነበር። ሬሳ ሲያልፍ ብረት ዝም ይላል።»

አለቀስኩ፤ ተናደድኩም። በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ።

የመንጃ ፈቃድ መፈተኛ ጣቢያው ሲከፈት እሳቸው ፈታኝ ሆነው ሄዱ፤ እኔንም ረዳት አድርገው ይዘውኝ ሄዱ። አፈታተናቸው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። ጠዋት ተፈታኝ ሳይመጣ መንገዱን በእግራቸው ይሄዱታል፤ ላገኙት ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። «በእግርሽ ያላየሽውን መንገድ በጎማ አትፈትኚበት» ይሉኝ ነበር። ሲመለሱ ከመኪናው ፊት ቁጢጥ ብለው ከታች ወደ ላይ አፍንጫውን ያዩታል። «ሹፌር መኪናን ከውስጥ ነው የሚያውቀው። መንገደኛው የሚያየው ግን ይሄን ነው።» ፈተናው ሲያልቅ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «በመንገድህ ማንን አገኘህ?»

አንዱ ጎረምሳ ነድቶ ሲያበቃ «ኧረ ማንንም!» አላቸው። አገዳ የጫነች አህያ፣ ዣንጥላ የያዙ ቄስ አልፈውት ነበር፤ ይባስ ብሎ የጋሽ ይመር የገዛ አማች ከመንገድ ዳር እጃቸውን አውለብልበው ነበር።

«ማንንም? እንግዲያው መንገዱ ባዶ ሲሆን ተመለስ» አሉት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጎማ የማይ መስዬ አጎነበስኩ።

በመሃል ወልድያ ተዛውሬ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። የዚያ አለቃዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየ ነበር የሚፈትነው፤ መኪናው ሄዶ ከተመለሰ አልፏል፣ ካልተመለሰ ወድቋል። የደመወዙን ነገር እንኳ ተውት። ናፍቆቱ ሲበዛብኝ ለምኜ ወደ ቆቦ ተመለስኩ። ጋሽ ይመር ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን ወረስኩ። ክፉው የጦርነት ጊዜ መጥቶ ሲያልፍ ደግሞ ከጣቢያው የቀረው ግድግዳው ነበር፤ ድንጋይ በኖራ እየቀባን እንደ ምልክት ደርድረን ሰው መፈተናችንን ቀጠልን።

በዚያ በኖራ ድንጋይ ዘመን ነው ናሆም የመጣው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ መሐንዲስ፣ ጸጉሩ ጨብረር ያለ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ። መኪናዋን በጭነት መኪና ጀርባ ላይ አስጭኖ አመጣት። አመድማ ቀለም ስለነበራት ገበሬው ወዲያው «ዳልቻ» አላት፤ ላም ሲሰይሙ እንደሚሉት። ጣሪያዋ ላይ የሚሽከረከር ነገር አለ፣ ዙሪያዋን ካሜራ። መሪም ወንበርም አላት፤ ወንበሩ ላይ ግን ሰው የለም። መሪው ብቻውን ሲዞር መጀመሪያ ያየሁ ቀን አማተብኩ።

«እትዬ የሺ፣ የምፈልገው ሰው መጣል የሚችል ፈታኝ ነው» አለኝ ናሆም። «እኛ ልጃችን ስለሆነች እናዳላላታለን።»

«እኔስ ብወዳት?»

«ጋሽ ይመር የሚባሉ ሰው ናቸው ያሳደጉዎት አሉ። አያዳሉም።»

ወደድኳት። ምን ላድርግ! ጠዋት ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ስትወጣ ፊት ለፊት ዓይኗን ስለሚመታት እንደ ሰው ትደናገራለች፤ በዚያ ሰዓት ደጋግመን አስኬድናት። ቀትር ላይ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት እንደ ውሃ ሲንቀጠቀጥ ኩሬ መስሏት ትቆማለች፤ ኩሬ አለመሆኑን እስክትለምድ እዚያው ስንመላለስ ዋልን። በዝናብ ጊዜ ዋልካው ጭቃ ላይ ፍሬን ስትይዝ ስንት ርቀት እንደምትንሸራተት በገመድ ለካን። በአሮጌ ቀሚሴ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀን «ወይዘሮ ገለባ» የምትባል ሰው ሠርተን መንገድ አሻገርናት። ወይዘሮ ገለባ ብዙ ጊዜ ተገጭታለች፤ ነፍሷን ይማር።

ከሁሉ ያስቸገረን አገዳ የተሸከመች ሴት ነበረች። የማሽላ አገዳ ከወገብ በላይ ስለሚሸፍናት ከኋላ ስትታይ ቁጥቋጦ ናት፤ ዳልቻ ደግሞ ቁጥቋጦ መንገድ እንደማያቋርጥ ታውቃለች። እኔው ራሴ አገዳ ተሸክሜ ፊቷ ወዲያ ወዲህ ስል ከረምኩ፤ ናሆም በየአቅጣጫው ፎቶ እያነሳ አስተማራት። በሌላ በኩል እኔም ተሸንፌያለሁ። «አቧራ ሲነሳ ፍየል አታይም» ብዬ ምሳ ተወራረድን። አውሎ ነፋሱ መንገዱን ሸፍኖት እኔ የራሴን እጅ ማየት አቅቶኝ ሳለ ዳልቻ ቀጥ አለች። አቧራው ሲገለጥ አንዲት ጥቁር ግልገል ፊቷ ቆማለች። ናሆም ጎብዬ ከተማ ወስጄ ምሳ እስክጋብዘው ድረስ «ሜ!» እያለ አበሸቀኝ።

ጡሩንባውን ያስገባነው በከብት ምክንያት ነው። ከብት ጎሊና ሊጠጣ ሲወርድ መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል፤ ዳልቻ ጨዋ ስለሆነች ከኋላ ቆማ ትውላለች። ስለዚህ ናሆምና እኔ ተማከርን፤ መንገድ ሞልቶ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ካጋጠማት ትቁም፣ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ትንፋ፣ ካልተለቀቀላት ትድገም። ግሩም ሠራ። ላሞቹ ገለል ይላሉ፣ እረኞቹም ደስ አላቸው። መስፈርቱ ሁሉ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ናሆም ማታ ማታ ለእናቱ እየደወለ «ልታልፍ ነው» ይል ጀመር።

ያን ቀን ዳልቻ ሽንኩርት ጭና ወደ ሮቢት ስትሄድ እኛ በፒክአፕ ከኋላ እንከተላለን። ማስቆሚያዋ እጄ ላይ ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ግራና ቀኙን ጋርዶታል። ዳልቻ ቀድማን በኩርባው ዞረች። ጡሩንባ ሰማን። ሁለት ጊዜ።

«ከብት ነው» አልኩ።

እንደገና ነፋች። ሦስተኛውን ስትነፋ ግን ሌላ ድምፅ ሰማሁ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚል የብዙ ወንዶች ድምፅ ነበር፤ እዚያው ላይ ተቋርጦ ዝም አለ። ማስቆሚያውን ጫንኩት። በኩርባው ስንዞር ቃሬዛው በሰው ትከሻ ላይ ነው፤ ጀናዛውን የተሸከሙት መንገዱ መሃል ቆመዋል፤ ዳልቻ አፍንጫዋን ወደ እነሱ አድርጋ ቆማለች።

አንድ ወጣት ከተሸካሚዎቹ መሃል ትከሻውን ለሌላ ሰጥቶ ወጣ። ሰይድ ይባላል፤ የሽንኩርት ገበሬ ነው፤ የምትቀበረው እናቱ ነበረች። በበሩ በኩል መጥቶ መስኮቱን በመዳፉ ደበደበው።

«ውረድ! አንተ! ውረድ እላለሁ!»

በሩን ከፈተው። ወንበሩ ባዶ ነው። እጁን በባዶው ወንበር ላይ አስቀምጦ ቆየ፤ የሚሰድበው ሰው አጣ። ቁጣው ሄዶ የሚያርፍበት ሲያጣ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ዛሬም አልረሳውም።

ከፒክአፑ ወርጄ ይቅርታ ልለምን በሁለት እጄ አፈር ይዤ ቀረብኩ። «ሰይድ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኛ ነው።»

«የማን? የማን ነው የኛ? እናቴን እንደ ላም ያስነፋባት ማነው?»

 መሪዋን ይዤ ዳልቻን ወደ ማሽላው ዳር አስገባኋት። ጀናዛው አለፈ።

ናሆም ፒክአፑ ውስጥ ከንፈሩ ደርቆ ተቀምጧል። «ማንንም አልነካችም፣ እትዬ። ርቀቷን ጠብቃለች። መስፈርቱ ላይ ቀብር የሚል የለም።» ይህን ሲል ሊከራከር አልነበረም፤ ለራሱ ነበር የሚያስረዳው።

በቀጥታ የሄድኩት ጋሽ ይመር ዘንድ ነው። ሮቢት ደጃቸው ላይ አልጋ አውጥተው ጋደም ብለው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወገባቸው አላስኬድ ብሏቸዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። 

«የሺ፣ እኔ አንቺን የጣልኩሽ በምን ነበር?»

«በቀብር።»

«እና መኪናይቱን ቀብር ፈተንሻት?»

ወይዘሮ ገለባን አስቤ፣ አገዳውን አስቤ፣ ፍየሏን አስቤ፣ አንገቴን ደፋሁ። በሕይወቴ የወደቅሁበትን አንዱን ነገር ትቼ ሌላውን ሁሉ ፈትኛታለሁ።

«አሁን አልቅሰሽ አትጨርሺው» አሉኝ። «ለአያ ሁሴን ሰው ልላክባቸው። ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሳይቀድምሽ እንዳትሄጂ።»

አያ ሁሴን የሰይድ አጎት ናቸው፤ ያገሩ ሽማግሌ። መልሳቸው መጣ። በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ማረኝ ይላል። እኔ ድንጋዩን ልሸከም ተዘጋጀሁ። አያ ሁሴን ግን «የነፋችው እሷ፣ የምትሸከመው አንቺ? አይሆንም። በዳይዋ ራሷ ትምጣ» አሉ።

ናሆም ቀልድ መሰለው። እኔ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰደቃው ካበቃ በኋላ፣ ዳልቻ ጭነቷ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ይዛ ወደ ሰይድ ደጅ ሄደች። ማንም አልነዳትም። ናሆምና እኔ በእግራችን ከጎኗ ሄድን። ልጆች በየአጥሩ ላይ ወጥተዋል፤ ሳቅ ግን የለም። ደጃፉ ስትደርስ ቆመች፤ ሞተሯ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ይመርን በቃሬዛ ሊባል በሚችል ሁኔታ ሰው ደግፎ አምጥቷቸዋል።

«ማረኝ በይ በሏት» አሉ አያ ሁሴን።

«አፍ የላትም አባቴ» አልኩ።

«አፍ የላትም ትይናለሽ! ስትጮህ በምን ጮኸች?»

ከምንጣፉ ላይ አንዱ ሊስቅ ሲል ሳል አደረገው። ናሆም ወደፊት ወጣ። በዚያ ልጅ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ «አባቴ፣ አፏ እኔ ነኝ። መቼ እንደምትጮህ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማሩን» አለ።

ሰይድ ተነስቶ ወደ ዳልቻ መጣ። በሩን እንደገና ከፈተና ባዶውን ወንበር አየ። ከዚያ ፊቷ ዞሮ ቁጢጥ አለ፤ ልክ እንደ ጋሽ ይመር ከታች ወደ ላይ አያት።

«የኔ እናት» አለ፣ «ዓይኗ ከታመመ ወዲህ መኪና የሚመጣውን በጆሮዋ ነበር የምታውቀው። ጡሩንባ ስትሰማ ከመንገድ ወርዳ ቆማ ‹አልፋችሁ?› ትላለች። ያን ዕለት ግን መውረድ አትችልም ነበር።»

ተነስቶ የተከፈተውን በሯን ዘጋላት። «ለምታልፍ ሰው መቆም አስተምሯት» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ካሣ አልፈልግም። ድንጋዩን አውርዱላት።»

አያ ሁሴን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አሜን አልን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው። መቆም አስተማርናት። ናሆም ቀብርን ከሠርግ፣ ሠርግን ከገበያ እንድትለይ ብዙ ለፋ፤ አልሆነለትም። ቃሬዛውን የሰው ራስ ይጋርደዋል፣ ነጠላው ያው ነጠላ ነው። እኔ «አትለይ» አልኩት። «ሰው መንገድ ሞልቶ ከመጣ ዳር ትያዝ፣ ሞተሯ ይጥፋ፣ የመጨረሻው እስኪያልፍ ዝም ትበል። ለሠርግ ብትቆም ምን ትጎዳለች?»

«እትዬ፣ በገበያ ቀንስ? ቆማ ልትውል ነው እኮ!»

«ትዋል።»

ዋለች። በገበያ ቀን ከሮቢት ወዲህ ሽንኩርቷን እንደ ጫነች፣ ሕዝቡ በፊቷ ሲፈስ፣ ጠዋት የቆመችበት ቦታ ፀሐይ አዘቀዘቀችባት። ሴቶች ጥላዋ ሥር ቁጭ ብለው ቲማቲም ሸጡ። እኔ አልፋለች ብዬ ፈረምኩ፤ ናሆምም አቅፎ ሳመኝ። የመኪናዋ ባለቤቶች ግን ከአዲስ አበባ መጥተው ያን የገበያ ቀን አዩና ከናሆም ጋር ለብቻቸው ተነጋገሩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሽንኩርት ሲበሰብስ ማን ይወዳል? «ሰው በማይበዛበት ትልቅ እርሻ ትሥራ» አሉ። ጡሩንባውን ብመልስላት ትቀር ነበር። ይህን ናሆምም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

ልትሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ጋሽ ይመር አረፉ።

ያን ዕለት እኔ ፈታኝ አልነበርኩም፤ ለቀስተኛ ነበርኩ። ሬሳው ከሮቢት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ካህናቱ ከፊት፣ ወንዶቹ ተሸክመው፣ ሰይድና አያ ሁሴን ሳይቀሩ በሰልፉ ነበሩ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ዳልቻ ከወዲያ መጣች። ናሆም መንገዱን እንድትሰናበተው ብሎ ባዶዋን አስወጥቷት ኖሯል። አየችን። ቀስ ብላ ወደ ማሽላው ዳር ወረደች። ቆመች። ሞተሯ ጠፋ፤ ጣሪያዋ ላይ የሚሽከረከረው ብቻ ያለ ድምፅ ይዞራል።

ሕዝቡ አለፈ። አንዳንዱ አንገቱን ሰበር አደረገላት። እኔ እንባው እግሬን አስሮኝ ከሁሉ ኋላ ቀርቼ ነበር፤ እንደዚያች እንደ አሮጊቷ። አጠገቧ ስደርስ ቆም አልኩና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ባርኔጣውን አውልቆ የሚወርድ ሰው አልነበረባትም። ሌላው ሁሉ ግን ጋሽ ይመር እንዳሉት ነበር። ካለፍኳት በኋላ ብዙ ሄጄ ነው የሞተሯን ድምፅ የሰማሁት።

አሁን ጠዋት ጠዋት በዚያው መንገድ በእግሬ እሄዳለሁ። የምፈትነው የለም፤ እግሬ ነው ልማዱን ያልተወ። ስመለስ ማንን እንዳገኘሁ ለራሴ እናገራለሁ። ናሆም አንዳንዴ ይደውልልኛል። «ደህና ናት፤ ሰው ስለማታይ ትፈጥናለች» ይለኛል። ደስ እንዲለኝ ነው የሚነግረኝ።

ባለፈው ሰሞን ከቀብር ሰልፍ ኋላ ስሄድ ጡሩንባ ተነፋብኝ። ሁለት ጊዜ። እናንተዬ፣ ልቤ እንዴት እንደዘለለ! ትምህርቷን ሁሉ ረስታም ቢሆን ዳልቻ ተመለሰች ብዬ በደስታ ዞርኩ።

ባጃጅ ነው። ሹፌር ነበረው።